በቀዳዳ የሚገባ ነፋስ

ነገሩ በጠቅላላ አሥራ ስምንት ኩንታል ሽንኩርት አስከፍሎኛል።

ነፋስ የሚፈራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔም ምን እጠይቃለሁ! በሚያዝያ ሐሩር ታክሲ ውስጥ እንደ ድንች እየተቀቀለ «መስኮቱን ዝጉት!» የሚለው ሁሉ የዚያ ወገን ነው።

የእኔው ኦቦ ገመዳ ይባላሉ። ሰበታ ካለው የድንጋይ ቤታቸው አንዱን ክፍል ለመጋዘን ተከራየኋቸው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ከጣራው ሥር በግራና በቀኝ የአየር ቀዳዳ አለው። ሌሊት የገባውን ቅዝቃዜ ቀን ይዞ ይውላል። ሽንኩርት ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ያለ የሌለ ጥሪቴን እዚያ ከተትኩና ገዢ ፍለጋ ሱሉልታ ሄጄ ሰነበትኩ።

ስመለስ ሽታው ከበር ተቀበለኝ። ቀዳዳው ሁሉ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተወትፏል። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ሽንኩርቱ ውሃ ሆኗል።

ባለቤቱስ? ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር፣ ሸሚዛቸውን ከፍተው ነፋስ ይቀበላሉ።

«ኦቦ፣ ቀዳዳውን ማን ደፈነው?»

«እኔ ነኛ! ዕቃህን ነፋስ እንዳይመታብህ ብዬ።»

«እርስዎንስ እዚህ አይመታዎትም?»

«የሜዳ ነፋስ ያልፋል፣ ልጄ። ሰው የሚገድለው በቀዳዳ የሚገባው ነው!» አሉና እንደ ሞኝ አዩኝ። «ደግሞ ሽንኩርትህ ሲመጣም ሕመምተኛ ነበር። ኪራዩን እንዳትረሳ።»

ከሽማግሌ ጋር ምን ሙግት አለ? ጎረቤቱም ተሰብስቦ «ለአንተው አስበው ነው» አለኝ።

ሁለት ኩንታል ተርፎኛል። ኪራዩን ሙሉውን ከፍያለሁ።