ገዳዩ ያልገባው ሐያሲ

ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የሆንኩትን ስታነቡ ግማሻችሁ ፔጄን ጥላችሁ ትወጣላችሁ። ውጡ! ተገቢ ነው።

ያ መርማሪው የሟቿን መንፈስ እየተከተለ ገዳይዋን የሚፈልግበት ፊልም ትዝ ይላችኋል አይደል? አገር ምድሩ ያጨበጨበለት። እኔ ብቻ የቀጠቀጥኩት።

«ፊልሙ ቀርፋፋ ነው። ገዳዩን ደራሲውም አያውቀውም!» ብዬ ለጠፍኩ። እናንተም ሼር አደረጋችሁልኝ።

አበጥኩ።

ሰፈሬ ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ስለ ምንም ነገር ጥሩ ነው ብዬ አላውቅም። የምትከተሉኝም ለዚሁ ነው።

በቃ፣ ዛሬ ከሰዓት ኡራኤል አካባቢ ፊልሙ በድጋሚ ታይቶ ውይይት ይደረጋል ተባለ። ዳይሬክተሯን ላፋጥጣት ሄድኩ። ሸሚዝ ተኩሼ!

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ማይኩን ቀድሜ ያዝኩ። «እህቴ፣ ሁለት ጊዜ አየሁት። ገዳዩ ማነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

አንዱ ጎረምሳ ከኋላዬ፣ «ፋዘር፣ ደብዳቤው ላይ አለ እኮ» አለኝ።

ደብዳቤው። መጨረሻ ላይ መንፈሷ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ትታለት የምትሄደው። ጽሑፉ ስክሪኑን ይሞላል፤ ሙዚቃ እንጂ የሚያነብ ድምፅ የለም።

ሁለቱንም ጊዜ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለሁ ጠፋብኝ።

እንግዲህ ደብቄያችሁ የኖርኩትን ልንገራችሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ በማታ ትምህርት። ጽሑፉ ከታገሠኝ አነባለሁ። ይሄን ፖስት ስጽፍ እንኳ ሁለት ሻይ ቀዝቅዞብኛል። ማለቴ፣ ሐያሲ ነኝ ባዩ ይኸውላችሁ!

«መነጽሬን ረስቼ ነው» ብዬ መቀመጥ እችል ነበር። ስንት ዓመት የኖርኩበት ውሸት ነው፤ መነጽር ኖሮኝ ግን አያውቅም።

ማይኩ እጄ ላይ ነው። አፌን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

«አንብቤ ሳልጨርስ እያነሳችሁብኝ ነው። ንባብ የተማርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው» አልኩ።

ሳቁ ቀጥ አለ። 

ዳይሬክተሯ በዕድሜ የልጄ እኩያ ናት። ደብዳቤውን መልሱት አለችና ስክሪኑ ላይ አስቆመችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ አይቸኩሉ። እንጠብቅዎታለን።»

ጠበቁኝ! ያ ሁሉ ሰው!

እኔ ደግሞ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ አልችልም። ማይኩን ማጥፋት ማን አስታውሶ! ፊደሉን አንድ በአንድ ስለቅም አዳራሹ በሙሉ አብሮኝ ሰማ።

አምስተኛው መስመር ላይ ደረስኩ። ገዳዩ ራሱ መርማሪው ነው!

«ኧረ በስመአብ!» አልኩ፣ በማይክ። እንደገና ሳቁ፤ አሁን ግን እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

ስወጣ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ። እኔም ገዳዩ አልገባኝም ነበር፤ አብራኝ የመጣችውን ልጄን መጠየቅም አፍሬ ነበር» አሉኝ።

ኦሎምፒያ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ እንባ አይመችም።

የድሮውን ፖስት አላጠፋሁትም። ከሥሩ «ጥሩ ፊልም ነው» ብዬ ጽፌበታለሁ። ሂዱና እዩት፤ ፔጄ ላይ «ጥሩ» የሚል ሌላ አታገኙም።

ዳይሬክተሯ፣ ይሄ ከደረሰሽ፣ ተባረኪ።

ለመሆኑ «ቀርፋፋ ነው» ብዬ ነበር አይደል? እስቲ ፍረዱ፣ ማን ነበር ቀርፋፋው?