እናትና ልጅ በብየዳ ክፍል

ሥራ አጥ ሰው ሥራ የለውም የሚል ሰው፣ ሥራ አጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ማለዳ ተነስቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ አንብቦ፣ «እስካሁን ምንም አልተገኘም?» የሚል ዘመድ እንዳይገጥመው በጓሮ ዞሮ ቤት መግባት ራሱን የቻለ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ደመወዝ የለውም እንጂ። እኔ በዚህ መደብ ላይ ብዙ አገልግያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አስተዳደር ተምሬ፣ የምተዳደርበት አጥቼ ቡታጅራ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር።

ዘመኑ ሁላችንም «አንድ ለአምስት» የምንደራጅበት ነው። አንድ ቀን ቀበሌው ሥራ አጦችን ሰብስቦ፣ መንግሥት በነጻ እንደሚያሠለጥነንና ለጨረሰም የመሥሪያ ቦታ እንደሚሰጥ ነገረን። ምዝገባው ላይ ከፊቴ የቆሙት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ነበሩ። ገበያ ውስጥ በርበሬ ይሸጡ ነበር፤ ባለቤታቸውን ሲያስታምሙ ንግዱ ተበተነ፤ ባለቤታቸውም አረፉ። መዝጋቢው ቀና ብሎ አያቸውና በትሕትና፣ «እናቴ፣ ይሄ እኮ ለወጣት ሥራ አጦች ነው» አላቸው።

«ወጣትነቱ አልፎኛል ልጄ፤ ሥራ ማጣቱ ግን አላለፈኝም» አሉት።

መዘገባቸው። ምን ያድርግ?

ልብስ ስፌቱ ሞልቶ ስለነበር ለእሳቸውም ለእኔም የቀረው ብየዳ ነው። ብየዳ ክፍል ደግሞ ልጃቸው ሐያት አስቀድማ ገብታለች። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች፣ እንደ እኔው የሰሌዳ አንባቢ ናት። እናቷ አብረዋት ሊማሩ መሆኑን ስትሰማ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች። አጥራችን ስስ ነውና ልመናዋን ሰምቻለሁ፤ ክፍል ውስጥ እንደማይተዋወቁ እንዲሆኑ ለመነቻቸው፣ እሳቸውም እሺ አሉ። በማግስቱ ከቤት አብረው ወጡና አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ተለያዩ። ከሌላ አገር የመጣው መምህር ምንም አያውቅም፤ ሁለቱንም ከእኔ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ከተታቸው። እትዬ ዘይነባ ቃላቸውን ጠባቂ ናቸው። ለገዛ ልጃቸው እጃቸውን ዘርግተው፣ «አሰላሙ ዓለይኩም፤ ስምሽን ማን ልበል?» አሏት።

እንዴት እንዳልሳቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥልጠናው አለቀና የብቃት ምዘና ተፈተንን። እኔና ሐያት አለፍን። እትዬ ዘይነባ ተግባሩን አልፈው ጽሑፉ ላይ ወደቁ፤ ትምህርት ያቆሙት ሰባተኛ ክፍል ጨርሰው ሲዳሩ ነው። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ከኋላችን የቆመ አንድ ጎረምሳ፣ ድሮስ ይቺ አሮጊት ምን አመጣት ብሎ ሳቀ። ሐያት ዞረች።

«እናቴ ናት» አለች።

ድምጿ ትንሽ ነበር፤ ግቢው ሁሉ ግን ሰማ። እትዬ ዘይነባ በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ያለቀሱት ስለ መውደቃቸው ይሁን ስለ ሰሙት ነገር፣ አልጠየቅኋቸውም፤ እናንተም ብትሆኑ አትጠይቁም። የዚያን ዕለት እናትና ልጅ አስፋልቱን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ተሻገሩ።

ሐያት እናቷን ታስጠና ጀመር። በሚቀጥለው ምዘና አለፉ። ለሦስታችንም በቆርቆሮ የተሠራ የመሥሪያ ቦታ ተሰጠን፤ በርና መስኮት እንሠራለን። መንግሥትን የማመሰግንበት ጉዳይ ብዙ አይደለም፤ ይቺን ግን አልነፍገውም።

እትዬ ዘይነባ ግን ትምህርት ጣማቸው። ስምንተኛ ክፍል የማታ ተመዘገቡ። በቀደም ጠዋት ሥራ ስገባ ሐያት እናቷን፣ የቤት ሥራሽን ለምን አልሠራሽም ብላ ስትቆጣ ደረስኩ። እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር በላት እስቲ» አሉኝ።

ሰፈራችን በመብራት ደምቆ ነው ያመሸው።

ጠፍቶ ነበር አልኳት።