ኮንጎ ጫማ ለጨንቻ መንገድ

ገና ሳይዘንብ ጭቃው የሚታየው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ለእኔ እግዚአብሔር በጎረቤትነት ሰጥቶኛል፤ እትዬ ብርቄ ይባላሉ።

ጨንቻ ያለችው ልጄ ሴት ልጅ ወለደችና ክርስትና እናቷ እትዬ ብርቄ ሆኑ። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ ስንት መንገድ ነው? እርሳቸው ግን ኢየሩሳሌም የምንሳለም ይመስል ጋቢውን፣ ጃንጥላውን፣ ገመዱን ሲያሰናዱ ከረሙ። ሁላችንም ኮንጎ ጫማ እንድንይዝም አዘዙ።

«እትዬ፣ ክርስትና በላስቲክ ጫማ?» አለች ታናሽ እህቴ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማዋን እያሳየች።

«አንቺ ልጅ፣ ጨንቻ ሙዝ አይበቅልም፤ የሚበቅለው ጭቃ ነው!»

በዋዜማው በመኪና ወጣን። ዳገቱ ላይ ዝናብ ያዘንና መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። በገመድ ብንስበውም ንቅንቅ አላለም። ማለዳ ሕፃኗን የሚያነሣት ልታጣ ነው ብዬ ማርያምን ተማጸንኩ። እትዬ ብርቄ ኮንጓቸውን አጠለቁ፤ ከዘንቢላቸውም ሌላ አወጡና ለእህቴ ሰጧት።

«በልክሽ ነው የገዛሁት። እንደማትይዢ አውቄያለሁ።»

ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እንደ ጦር አዝማች ጉሙ ውስጥ ቀደሙ፤ እኛም በእግር ተከተልን።

ሲነጋ የልጅ ልጄ በእርሳቸው ክንድ ላይ ሆና ተጠመቀች። እህቴስ ረጅሙን ጫማ ተጫምታ ነበር፤ ማን አየላት? ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል።

ስንወጣ አመሰገንኳቸው። እትዬ ብርቄ ሕፃኗን ትክ ብለው እያዩ፣

«ለሠርጓ መንገዱ አስፋልት ይሆን ይሆናል» አሉ። «ኮንጎውን ግን አትጣሉት።»