ጥፋቱ የቤቱ ነው

ድምፅ የማይጥመው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። መንገዱ አስፋልት ላይገባለት ይችላል፣ ውሃውም በፈረቃ ይመጣ ይሆናል፤ ይህ ሰው ግን አይጠፋም። ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እሱ ጎንበስ ብሎ ስፒከር ያዞራል።

ወሰን ሰፈር ውስጥ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጋሽ ጉደታ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር። እንግዳ ሶፋቸው ላይ ሊቀመጥ ሲል «ኧረ እዚያ ጋ አይሁን! ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ የሚያልፈው በዚያ ነው» ብለው ያስነሱታል። አንዴ ለቅሶ ሊደርሱ በሄዱበት ድንኳን ውስጥ አንድ ጊዜ ጧ አድርገው አጨበጨቡ። ሐዘንተኛው ሁሉ አፍጥጦባቸው ሳለ ጆሯቸውን አቁመው አዳመጡና «ሸራ ጥሩ ነው፤ ድምፅ አይመልስም» ብለው ተቀመጡ። የጎረቤት ቴሌቪዥን አልሰማ ቢል፣ የጸሎት ቤቱ ማይክ ቢያፏጭ፣ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ጥፋቱ የድምፁ አይደለም፤ የቤቱ ነው!»

የራሳቸውን ቤትማ መከራውን አብልተውታል። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈዋል፣ ጥግ ላይ ፍራሽ አቁመዋል፣ የባለቤታቸውን የወይዘሮ አሳየችን ቡፌ ሦስት ጊዜ አዛውረው ስንት ብርጭቆ ፈጅተዋል። ይህ ሁሉ ለአንድ ካሴት ነው።

ካሴቱ ከአርባ ዓመት በፊት ኮተቤ አንድ ቤት ውስጥ የተቀዳ የኳየር መዝሙር ነው። ከአሥራ ሁለቱ ዘማሪዎች አንዷ ወይዘሮ አሳየች ናቸው። ጋሽ ጉደታ ያኔ አያውቋቸውም ነበር። ከተጋቡ በኋላ ግን ሚስታቸው ልብስ ሲያጥቡም፣ ሽንኩርት ሲልጡም፣ መዝሙራቸውን እየሰሙ ኖሩ። ከስምንት ዓመት በፊት ወይዘሮ አሳየች የእንቅርት ቀዶ ጥገና አደረጉ። ጤናቸው ተመለሰ፤ ድምፃቸው አልተመለሰም። ጎርንኖ ለወሬ በቃ እንጂ ለዝማሬ አልሆነም። ቤቱ ጭር አለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጋሽ ጉደታ ያንን ካሴት እየከፈቱ ሚስታቸውን ይፈልጋሉ።

«ከነዚህ የትኛዋ ነሽ?» ይላሉ።

«እዚያው ውስጥ ነኝ፤ ፈልገኛ!» ይላሉ ወይዘሮ አሳየች።

ለፍለጋው ደግሞ አንድ እንቅፋት አለ። መዝሙሩ አልቆ ሁሉም ዝም ካሉ በኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ወደኋላ ትቀራለች። ጋሽ ጉደታ «ጭራ» የሚል ስም አውጥተውላታል። «ግድግዳው ነው የሚመልሳት! እሷ ሳትጠፋ የሰው ድምፅ አይለይም» ይላሉ። ይህን ባሉ ቁጥር ወይዘሮ አሳየች ወደ ጓዳ የሚያስገባ ሥራ አያጡም።

በመጨረሻ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ሬድዋን የቤትን ድምፅ የሚያርም መሣሪያ ከዱባይ አስመጣላቸው። ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚገጠም ትንሽ ሣጥን ነው፣ ከነማይክሮፎኑ። ስፒከሩ ከወፍራም ጀምሮ እስከ ቀጭን ያፏጫል፣ ማይክሮፎኑ ይሰማል፣ ሣጥኑም ቤቱ የሚያጋንነውን ይቀንሳል፣ የሚውጠውን ይጨምራል። ሥራው ጸጥታ ይፈልጋልና ጋሽ ጉደታ ለአዲስ ዓመት ቤት የሚታጠብበትን ቀን መረጡ፤ ሰው ሁሉ ደጅ ነበር። ለካ ምንጣፉም፣ መጋረጃውም፣ የሶፋው ልብስም ደጅ ነበሩ! ሁሉም ታጥቦ ሲመለስ ኳየሩ ጆንያ ውስጥ ሆኖ የሚዘምር መሰለ።

«ጋሼ፣ ያረሙት እኮ ባዶ ቤት ነው!» አለ ሬድዋን ሳቁን እየዋጠ። «ቤት የሚለካው እንደሚኖሩበት ሆኖ ነው። እትዬም በወንበራቸው ይቀመጡ።»

በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እንደገና ለኩ። ከእንጦጦ የወረደው ጉም ደጁን ሸፍኖት፣ የረጠበ የባሕር ዛፍ ሽታ ሳሎኑ ድረስ ገብቷል። ወይዘሮ አሳየች ነጠላቸውን እንደለበሱ በወንበራቸው ተቀምጠዋል። ፉጨቱ ሲያበቃ ጋሽ ጉደታ ካሴቱን ከፍተው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ግድግዳው ከነእንቁላል ካርቶኑ የጠፋ መሰላቸው። አሥራ ሁለት ወጣቶች ቡፌው ፊት ቆመው ተነፈሱ። የአንዱ ጫማ ሲጢጥ አለ። ጋሽ ጉደታ እንጦጦ ጫካ ውስጥ የቆሙ ያህል፣ ጉሙ ሰውን ሸፍኖ ድምፅ ብቻ የሚያሳልፍ ያህል ተሰማቸው። እንዲህ ያለ ደስታ አይተው አያውቁም። መዝሙሩ አለቀ፤ ሁሉም ዝም አሉ።

ጭራዋ ግን አለች። እንዲያውም ጥርት ብላ።

ጋሽ ጉደታ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። «ይህን ሁሉ ለፍቼ! በቃ፣ ይሄ ቤት አይታረምም።»

«የቤቱ አይደለም» አሉ ወይዘሮ አሳየች በጎርናና ድምፃቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንዴት?»

«መሪያችን እጁን ሲያጥፍ ሁሉም አቆሙ። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ስዘምር አላየሁትም። ያን ቀን ስንት ተቆጣኝ መሰለህ! አንተም ጭራ ስትላት አፈርኩና ዝም አልኩ።»

ጋሽ ጉደታ ስምንት ዓመት ሙሉ ካሥራ ሁለት ሰው መካከል ሲፈልጓቸው፣ ሚስታቸው መጨረሻ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ቀስ ብለው ተነሡና ካሴቱን በጣት ስፋት ያህል ወደኋላ መለሱት።

ዛሬ ጋሽ ጉደታ ቤት የሄደ እንግዳ ደስ ባለው ቦታ ይቀመጣል። የእንቁላል ካርቶኑ ተነሥቷል፣ ፍራሹ አልጋው ላይ ተመልሷል። መዝሙሩ ይከፈታል፤ እንግዳው ያለቀ መስሎት አፉን ለወሬ ሲያዘጋጅ ጋሽ ጉደታ ጣታቸውን ያነሣሉ።

«ዝም በል» ይላሉ። «አሁን ናት።»