ዜና ካፖርቱ ለመምህር ሽበሺ ዘጊንጆ

አብዮቱ አሥር ዓመት በደፈነበት፣ ስኳር በቀበሌ ራሽን ይታደል በነበረበት፣ በዘመነ ኅብረተሰባዊነት በወርኃ ጥቅምት፣ የጅማው የጊንጆ ሰፈር ፀሐይ፣ ዐቃቤ ጠመኔ ወሊቀ ጥቁር ሰሌዳ፣ መምህር ሽበሺ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ፎቶግራፍ ሊነሡ የዘመቱበትን ታላቅ ዘመቻ፣ እኔ ጸሐፌ ትእዛዝ ነኝ ባይ፣ ማንም ሳያዘኝ እንዲህ ጻፍሁ።

ወበውእቱ መዋዕል ለትምህርት ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ የሚመለምል ኮሚቴ ከአዲስ አበባ አዋጅ አስነገረ፤ አዋጁም፣ «ወደ ወዳጅ አገር የሚሄዱ ተማሪዎች ከልዩ ልዩ ብሔረሰብና ከሁለቱም ጾታ ይሁኑ። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ የብርድ መከላከያ ልብስ ግን የተማሪው ወጪ ነው። ወጪውን የሚችል፣ ወፍራም ካፖርት ለብሶ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይላክ» ይል ነበር።

በጅማ ወበአድያሚሃ ባሉ መምህራን ዘንድ ካፖርት አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም መምህር ሽበሺ ከሕርማታ ገበያ፣ ከሰልባጅ ክምር፣ በብርቱ ክርክር የማረኩት፣ ክብደቱ የቡና ኩንታል የሚያህል፣ አንገትጌው በካውያ የተለበለበ ነው። ዜናው በተሰማ ጊዜም የመምህራን ሠራዊት ተከተላቸው፤ ከአጋሮ የሒሳብ አርበኛው ቲጃኒ፣ ከሊሙ በጭቃ ላይ ብስክሌት ነድቶ የማይወድቀው ፈይሳ፣ ከሰቶ ሰመሮም ዳይሬክተር የማትፈራው፣ የነጋዴ ልጅ ዙቤይዳ።

አራቱም በጊንጆው ፎቶ ቤት ደጅ በተሰለፉ ጊዜ፣ ፎቶ አንሺው ባለካፖርቱ ይቅደሙ ቢል፣ መምህር ሽበሺ ያደጉበት ወግ የተነካ መስሏቸው ተቆጡና፣ «እኔ ባለቤት ነኝ፤ ከእንግዶቼ ቀድሜ አልለብስም» ብለው አወጁ። ቲጃኒ ለበሰ፤ ፈይሳ ለበሰ፤ ዙቤይዳም እጅጌው ጉልበቷ ድረስ ወርዶባት ለበሰች። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ፊልሙ አለቀ። በሳምንቱ ተነሡ፤ ፎቶውም ከሁሉ ዘግይቶ አዲስ አበባ ደረሰ።

ኮሚቴውም ሁለተኛውን ፎቶ ባየ ጊዜ ካፖርቶቹ ካንድ መደብር የተገዙ ናቸው አለ፤ ሦስተኛውን ባየ ጊዜ መደብሩን አደነቀ፤ የሦስቱም ስም ጸድቆ ማኅተም አረፈበት። በአራተኛው ግን ያንኑ የተለበለበ አንገትጌ አይቶ ነቃና፣ «መምህር ሽበሺ የሰው ካፖርት ተውሰው ስለቀረቡ ወጪውን አይችሉም፤ ተሰርዘዋል» ሲል አወጀ።

መምህር ሽበሺ ዶክተር መባልን ከልጅነታቸው ጀምሮ ይመኙ ነበርና እጅግ አዘኑ። ካፖርቱ የኔ ነው የምትል አንዲት ቃል ብትወጣቸው እሳቸው ይገባሉ፤ ሦስቱ ግን ይወድቃሉ። ቃሏን ዋጧት። ካፖርቱንም ለሦስቱ ሰጥተው ሸኟቸው፤ በመናኸሪያው ዝናብ ውስጥ ቆመውም አለቀሱ፤ ጉንጫቸውን ያራሰው ዝናቡ እንደሆነ ግን ለሕዝቡ አስታወቁ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሦስቱም ተምረው ተመለሱ። ዙቤይዳም በጊንጆ አደባባይ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ካፖርቱን አልብሳቸው እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ጋሽ ሽበሺ፣ ያን ብርድ ይሄን ተራ በተራ እየለበስን ነው ያለፍነው። ተራው ያልደረሰ ክፍል አይገባም ነበር። ወላሂ፣ አንድ ቀን ሳይቀር የተማረው ካፖርቱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የእርስዎ ነው።»

ሕዝቡም ከመቀመጫው ተነሥቶ ዶክተር አላቸው። እንግዳን አስቀድመው ራሳቸውን ላስከተሉ፣ ቃላቸውን ውጠው ሦስት ሊቃውንት ላፈሩ፣ ለጊንጆው ፀሐይ ክብር ይሁን፤ ዝናቸውም ከአወቱ መንደራ እስከ አጋሮ ይሰማ። በዚያች ዕለት የጅማ ሙቀት ድንጋይ ያቀልጥ ነበር፤ ዶክተር ሽበሺ ግን ላባቸው ጫማቸው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ካፖርቱን አላወለቁም።