አርባ ደቂቃ ለቀዘቀዘ ሞተር

ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው በቀጥተኛ አስፋልት ላይ ለመሽቀዳደም በሚሰናዱበት የምድር ገጽ ሁሉ ሦስተኛ ሰው አይታጣም፤ ይኸውም ደንቡን በብብቱ ሸጉጦ የመጣው ነው። ለእኛ፣ ለኢንዲያና የቅዳሜ ተሽቀዳዳሚዎች፣ የደረሰን ክቡር ሊቀ አንቀጽ ቨርሊን ሆስቴትለር ነው።

እሽቅድምድማችን ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ብዙም አያልፍም፤ ስለ እርሱ የምንከራከረው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። በማለዳው የሹፌሮች ስብሰባ የሜዳው ኃላፊ ሮስኮ ፔቲት "ጥያቄ ያለው?" ሲል ሁላችንም አንገታችንን እንደፋለን።

"ጥያቄ ሳይሆን ማስታወሻ ነው" ይላል ቨርሊን።

በአንዱ ማስታወሻው የአንድ ምስኪን የራስ ቁር ጊዜው በሁለት ወር እንዳለፈበት አስረድቶ ሰውዬውን ወደ መጣበት አገር መልሶታል። ሌላ ጊዜ ሞተር ብስክሌቶች ከመኪኖች በፊት ይሩጡ ወይስ በኋላ እያለ ሲሟገት ምሳ ደረሰ። ምሳውም ከመርሐ ግብሩ አራት ደቂቃ ቀድሟል ብሎ ቋሊማውን አቀዝቅዞ በላው።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ መቅሠፍቱ ወደ እኔ ዞረ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ደርሼ ነበር። ዕድሜዬ ስልሳ ዘጠኝ ነው፤ ሐኪሜም ዓይኔን በመረመረ ቁጥር ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል። ተጋጣሚዬ የብየዳ መምህርቷ ትሩዲ ኬስለር ነበረች። ከሜዳው ማዶ ካሉት የእህል ጎተራዎች በላይ ጥቁር ደመና ተነሥቶ ነፋሱ ቀዝቅዟል። ሰልፍ ገብተን፣ ቀበቶ ታጥቀን የመነሻውን መብራት ስንጠብቅ ቨርሊን ከፊታችን ተገተረ።

"ይቁም! ከፍጻሜ በፊት ለሞተር ማቀዝቀዣ አርባ ደቂቃ ይሰጣል። ትሩዲ ያገኘችው አሥራ ስድስት ነው!"

"ማን ጠየቀህ?" ብላ ጮኸች ትሩዲ። "ሞተሬ እንደሆነ ካንተ አንጀት የበለጠ ቀዝቅዟል!"

"ጠየቅሽም አልጠየቅሽም ያንቺ ነው።"

"ሮስኮ፣ በእናትህ ይህን ሰው ዝም አሰኝልኝ!" አልኩ።

ሮስኮ የደንብ መጽሐፉን ገልጦ አነበበ፤ ፊቱም ጠቆረ። "የተረገመው ሰውዬ ልክ ነው።"

መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ከአርባው ሠላሳ አራተኛው ደቂቃ ላይ ዝናቡ ወረደ። በረጠበ አስፋልት አይሮጥምና የሜዳው ጎጆ ውስጥ ተሰብስበን አዲስ ቀን ፍለጋ ተያዘ። ቀጣዩ ቅዳሜ ሜዳው ላይ የትራክተሮች የጉተታ ውድድር አለ። ተከታዩ የሮስኮ ልጅ ሠርግ ነው። ከዚያ ወዲያ አጋዘን አደን ይከፈታል፤ በአደን ወራት ደግሞ በአገራችን የሞተ እንኳ ቀባሪ በመከራ ያገኛል። ፍጻሜው ለሚያዝያ ተቀጠረ። ሚያዝያ! ሐኪሜ እስከዚያ ምን ሊለኝ እንደሚችል እያሰብኩ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ቨርሊን በሩን ከፍቶ፣ ውኃ እያንጠባጠበ፣ ከጎኔ ገባ።

"ሰባት ወር፣ አንተ ከንቱ! ሰባት ወር ቀማኸኝ!"

እርሱ ግን ወደ ፊት መስታወቴ ጠቆመ። በእኛ ውድድር ሁሉም ሰው መኪናው በስንት ሰከንድ እንደምትደርስ በነጭ የጫማ ቀለም መስታወቱ ላይ አስቀድሞ ይጽፋል፤ ቀርፋፋው በቁጥሮቹ ልዩነት ቀድሞ ስለሚነሣ፣ ከጻፈው ፈጥኖ የደረሰ ይሸነፋል። የእኔን ዝናቡ ግማሹን አጥቦታል፤ ቢሆንም 12.10 እንደሚል ይነበባል።

"ይህን የጻፍከው ጠዋት፣ በሙቀቱ ነው" አለ። "በዚህ ብርድ ሞተርህ ይበረታል። ከአሥራ ሁለት በታች ትገባ ነበር።"

 ለፍጻሜ ደረስኩ ብዬ ስፈነጥዝ ቁጥሬን መቀየር ረስቼ ኖሯል።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሰልፍ ለገባ ሰው ስለ ቁጥሩ መንገር ክልክል ነው። አንቀጽ አሥራ ሰባት።"

"ትሩዲስ?"

"መብቷን አግኝታለች።"

ማሞቂያውን ከፍቼ ወደ እርሱ አዞርኩለት። "ዝናቡ እንደሚመጣ እያየህ ነዋ አርባ ደቂቃውን ያነሣኸው!"

ሊቀ አንቀጽ እጆቹን ወደ ሙቀቱ ዘረጋ።

"ስለ ደመና" አለ፣ "ደንቡ የሚለው ነገር የለም።"