ቀኖና ያለበት እጩ

ሰው የምርጫ ካርዱን ይዞ ንስሐ አባቱ ዘንድ ምክር ሲጠይቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ያውም የገዛ አክስቴን። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

እኔ ደብረ ብርሃን ጎሚስታ ነኝ። ከአንኮበር ቁልቁል የሚወርደው ያ ኮረኮንች ባይኖር ኖሮ ግማሹን ቀን ፀሐይ ስሞቅ ነበር የምውለው። ድንጋዩ ጎማ ሲበላ እኔም እበላለሁ። እንዲህ ስል ታዲያ እንዳትታዘቡኝ፤ የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ የሺ የሚኖሩት እዚያው መንገድ ጫፍ ላይ ነው። ልጃቸው ጥሩዬ አምና ምጥ ሲይዛት አምቡላንሱ አልወርድም ብሎ አፋፉ ላይ ቆመ። በቃሬዛ አወጧት። እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም። ዘንድሮ ደግሞ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። ስለዚህ ምርጫው ሲመጣ እትዬ የሺ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ጥሩዬ ሳትወልድ መንገዱን የሚያስጠግን ሰው።

እጩዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የአጥቢያው ልጆች። አቶ ታደገ ጾም አይሽርም፣ ቅዳሴ አያስታጉልም፤ ነጠላውን አጣፍቶ ሲቆም ዲያቆን ይመስላል። ችግሩ፣ ከዚህ በፊት ለመንገዱ ተብሎ የመጣው ጠጠር እሱ ግቢ ገብቶ ቀረ። በአደራ ነው ያስቀመጥኩት አለ። አደራው ላይ አሁን ቤት ተሠርቶበታል።

አቶ ሰይፉ ደግሞ እጁ ንጹሕ ነው። የምንጩን ውሃ በቧንቧ መንደር ያስገባው እሱ ነው። ግን ሁለት ትዳር አፍርሷል፤ ረቡዕ ቀን ደብረ ሲና ቁጭ ብሎ ቁርጥ ሲቆርጥ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። አንተስ እዚያ ምን ትሠራ ነበር ካላችሁ፣ የጭነት መኪና ጎማ ልፈታ ነው የሄድኩት። ምን ያስጠረጥራል?

እንግዲህ የሚጾም ሌባና የማይጾም ሐቀኛ። ምረጡ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ በልቤ ጨርሼ ነበር። መንገዱን ይሥራ እንጂ ረቡዑን ራሱ ይወቅበት! ይህን ለእትዬ የሺ ስነግራቸው ያማተቡት ማማተብ! “የእግዜርን ረቡዕ ያላከበረ የእኔን መንገድ ያከብራል?” አሉኝ።

ከዚያ ነው መምሬ አስራት ዘንድ የሄዱት። መምሬ የእሳቸውም፣ የታደገም፣ የግማሹ አጥቢያም ንስሐ አባት ናቸው። የማን ኃጢአት እንደሚከብድ እርስዎ ያውቃሉ፣ ማንን ልምረጥ አሏቸው። መምሬም እኔ የሰማሁት ከእኔው ጋር ይቀበራል፣ ሂጂ ጸልዪ ብለው ሰደዷቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተዋል። እትዬ የሺና የሰንበቴ ጓደኞቻቸው ግን መላ መቱ። መምሬ አይናገሩም፤ ግን ለተናዘዘ ሁሉ ቀኖና ይሰጣሉ። ስግደት የታዘዘ ሰው ደግሞ ሲሰግድ በዓይን ይታያል። እንግዲያው የስግደቱን ብዛት አይተን የኃጢአቱን ልክ እናውቃለን አሉ። ኧረ በስመ አብ! እናቶች ማልደው ቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተቀምጠው እጩ ይጠብቁ ጀመር። የምርጫ ታዛቢ እንዲህም አለ ለካ!

ታደገን አዩት። ይወድቃል፣ ይነሳል። ይወድቃል፣ ይነሳል። ላቡ ጠብ እስኪል። ሰይፉ ግን ጭራሽ ብቅ አላለም። እትዬ የሺ ደወሉልኝ። ጠጠሩን ተናዟል ማለት ነው አሉኝ። እሰይ፣ ሰይፉን ሊመርጡልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ታዲያ ሰይፉ ቀኖና ከሌለበት ንጹሕ ነዋ አልኳቸው።

“ምን ንጹሕ ነው? ንስሐ አባት የለውም እኮ!”

ቀጥለው የተናገሩት ክው አደረገኝ። የምመርጠው ታደገን ነው አሉ። ሌብነቱን አጣርተው! በዓይናቸው አይተው! የያዝኩት ጎማ ከእጄ አመለጠና ተንከባሎ አስፋልት ገባ፤ ባጃጅ ለጥቂት አልገጨውም። እሳቸው እቴ፣ ተረጋግተው አስረዱኝ። ሰይፉ ነገ ቢበድለን ለማን እንናገራለን? ማንን ይፈራል? ታደገ ሌባ ነው፣ ግን መምሬን ይፈራል። በሰረቀ ቁጥር መምሬ ያሰግዱታል። ጉልበቱ ሲዝል መስረቁን ይተዋል። ጠጠሩንም ቢሆን መልስ ይሉታል፤ ሳይመልስ የታለ የሚፈቱት?

በሬዲዮ ስንት ክርክር ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። የባሰው ደግሞ አሳመኑኝ! በእውነት ነው የምላችሁ፣ አሳመኑኝ። ሰንበቴው በሙሉ ታደገን መረጠ። ታደገም አሸነፈ።

እትዬ የሺ ጥቂት ታግሰው መምሬ ዘንድ ተመለሱ። አባቴ፣ ያን ልጅ ስለ ጠጠሩ ቆንጠጥ ያድርጉልኝ፣ ጥሩዬ ወሯ እየገባ ነው አሏቸው። መምሬ አንገታቸውን ደፉ። “የሺ፣ ታደገ የእኔ ልጅ መሆኑ ቀርቷል። ከተመረጠ በኋላ ንስሐ አባት ቀየረ። አዲስ አበባ ያሉ አባት ይዟል።”

ጉድ በሉ እንግዲህ! ሰው ቤት ሲቀይር አውቃለሁ። ሚስት ሲቀይርም፣ ይኸው ሰይፉ አለ። ሥልጣን በያዘ ማግስት ንስሐ አባት የሚቀይር ግን እንዴት ያለ ፍጥረት ነው? መምሬ እንደሆኑ እግራቸው ከአጥቢያው አያልፍ። አዲሱ አባት ደግሞ ጠጠሩንም መንገዱንም አያውቁት፣ ከየት አምጥተው ያሰግዱታል?

ጥሩዬ አሁን እኔ ቤት ናት። ያን መንገድ ማን አምኖ? ምጡ ሳይይዛት በአይሱዙ ጋቢና አስቀምጠን አመጣናት። በመንገድ ላይ ጎማ ፈነዳብን፤ ማን እንደጠገነው መቼም አትጠይቁኝም። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ስጋቴ ቀለል ብሏል። እትዬ የሺም አብረው መጥተው አልጋዬን ይዘዋል። እኔ በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ መሬት ላይ ነኝ።

ትናንት ምሳ ላይ ነገር ነገር አለኝ። እንግዲህ ለሚመጣው ምርጫ ሰይፉ ይሻላል፣ አይደል አልኳቸው።

“አይሻልም” አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። “አሁን ብልሃቱ ገብቶኛል። እጩ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው እናቱ በሕይወት መኖሯን ነው። ንስሐ አባት ለካ ይቀየራል። እናቱን ግን የት አባቱ ሄዶ ይቀይራታል?”